ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሎጉ አብሮ እንዳይጠፋ

ኢንተርኔት ሲቋረጥ እጃችን የሚሮጠው ወደ ሶኬቱ ነው። ራውተሩን ነቅለን፣ አስር ቆጥረን፣ መልሰን እንሰካለን። ብዙ ጊዜ ይሠራልም። ግን ለምን እንደተቋረጠ ሊነግረን የሚችለው ብቸኛ ምስክር በዚያችው ቅጽበት የውሃ ሽታ ይሆናል። ሎጉን፣ ማለትም ራውተሩ የሆነውን ሁሉ እየመዘገበ የሚይዝበትን ማስታወሻ፣ ስንከፍት የምናገኘው ራውተሩ ከተነሳ በኋላ የጻፈውን ብቻ ነው።

እኔም አንድ ሰሞን በዚህ ተቸግሬ ነበር። ራውተሬ አንዳንድ ሌሊት ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ጠዋት ሎጉን ሳየው «ተነስቻለሁ፣ ሁሉም ደህና ነው» ከማለት ያለፈ ነገር የለውም። ፈርምዌሩን (የራውተሩን የራሱን ሶፍትዌር) አዘመንኩ። ሴቲንጉን በሙሉ አጥፍቼ ከባክአፕ መለስኩ። የዋይፋይ ቻናል ሳይቀር ቀየርኩ፤ እሱ ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንጃ። ሦስት ሳምንት ከባከነ በኋላ ሎጉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንዲላክ አደረግኩ። በሁለተኛው ሌሊት ነገሩ ታወቀ። ምን እንደነበር ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የትእዛዞችንና የሜኑዎችን ስም እዚህ በአማርኛ ፊደል ነው የጻፍኩት። ኪቦርዱ ላይ የምትመቱት ግን የእንግሊዝኛውን ስፔሊንግ ነው።

ሎጉ የት ነው ያለው?

ራም ላይ። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። የቤት ራውተር ቋሚ ማከማቻው ትንሽ ፍላሽ ቺፕ ናት። ብዙዎቹ ላይ 8 ወይም 16 ሜጋባይት ብትሆን ነው፤ እሷንም ፈርምዌሩ ይዟታል። ፍላሽ ደግሞ ተጽፎ የሚሰረዝበት ጊዜ የተቆጠረ ነው። ቀን ከሌት ሎግ ቢጻፍበት ያለ ዕድሜው ይሞታል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሎጉን ራም ላይ ያደርጉታል። ራም ደግሞ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ነው።

በዚያ ላይ የተመደበችው ቦታ ጠባብ ናት። ኦፕንደብሊውአርቲ (ብዙ ራውተሮች ላይ የሚጫን ነጻ ፈርምዌር) ላይ ለረጅም ጊዜ የተለመደው 64 ኪሎባይት ነው። አንድ መስመር 120 ባይት ገደማ ነው ብንል፣ የሚይዘው ከ500 ጥቂት የሚበልጥ መስመር ነው። ሲሞላ አዲሱ አሮጌውን እየገፋ ያስወጣዋል። ራውተሩ በየአስር ሰከንዱ አንድ መስመር የሚጽፍ ከሆነ፣ የዛሬ ሁለት ሰዓት የሆነው ነገር መብራት ሳይጠፋም ሄዷል ማለት ነው። ማይክሮቲክ የሚባሉት ራውተሮች ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው ልክ 1000 መስመር ነው። ሎጉ ጠፋ ብላችሁ ሪስታርቱን ስትረግሙ አንዳንዴ ጥፋተኛው ይሄ ነው።

ሳትነቅሉት በፊት

ዘላቂ መፍትሄ አይደለም፣ ግን ምንም ሳትጭኑ ዛሬውኑ የምታደርጉት ይሄን ነው። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ራውተሩ ራሱ እስካልደረቀ ድረስ የራሱ ገጽ ይከፈታል። ብራውዘር ላይ አድራሻውን ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው። ግቡና ሲስተም ሎግ የሚለውን ፈልጉ። ብዙ የቲፒ-ሊንክ ሞዴሎች ላይ «ሴቭ ሎግ» የሚል ቁልፍ አለ። ከሌለም ሙሉውን መርጣችሁ ኮፒ አድርጉና ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። ኦፕንደብሊውአርቲ ከሆነ በኤስኤስኤች (ከኮምፒውተራችሁ ሆናችሁ ራውተሩን በጽሑፍ የምታዙበት መንገድ) ገብታችሁ «ሎግሪድ» በሉት፣ ቀጥሎ «ዲሜሴጅ»። የመጀመሪያው አጠቃላዩን ሎግ፣ ሁለተኛው ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ያለውን ያወጣላችኋል። ይሄ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ንቀሉት።

ራውተሩ እናንተ ተኝታችሁ ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሎጉ ገና ሲጻፍ ከራውተሩ መውጣት አለበት።

ሰዓቱን ቀድማችሁ አስተካክሉ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎት ያልፋል፣ በኋላ ግን ይጸጸታል። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም። ሲነሱ ቀኑን አያውቁትም። አንዳንዱ ከእ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 1 ቀን 1970 ይጀምራል። ኦፕንደብሊውአርቲ ትንሽ ብልጥ ነው፤ «ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ በቅርብ የተነካውን ፋይል ፈልጎ የእሱን ሰዓት ይዋሳል። ያም ሆኖ ትክክለኛው ሰዓት የሚመጣው ራውተሩ በኤንቲፒ፣ ማለትም ሰዓትን ከኢንተርኔት በሚያመጣው ዘዴ፣ ሲጠይቅ ነው። ለመጠየቅ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ስለዚህ ራውተሩ ተነስቶ መስመሩ እስኪመጣ ያለው የሎግ ሰዓት እምነት አይጣልበትም። እናንተ አጥብቃችሁ የምትፈልጉት ደግሞ ያንኑ ሰዓት ነው።

ኦፕንደብሊውአርቲ ላይ «ሲስተም» ውስጥ እንደገና «ሲስተም» የሚለውን ክፈቱ። የጊዜ ቀጠናውን አስተካክሉ፣ «ታይም ሲንክሮናይዜሽን» ታብ ላይ የኤንቲፒ ክላየንቱን አብሩ። ማይክሮቲክ ላይ «ሲስተም» ሥር «ኤንቲፒ ክላየንት» አለ። ሎጉን የሚቀበለው ኮምፒውተርም ሰዓቱ ትክክል ይሁን። የእሱ ሰዓት ራውተሩ ሲነሳ አይናወጥም፤ መልእክቱ የደረሰበትን ሰዓት እሱ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል፣ ወደ ታች እናየዋለን።

ዋናው ሥራ፦ ሎጉን ወደ ሌላ ማሽን መላክ

ዘዴው ሲስሎግ ይባላል። ፕሮግራመሩ ኤሪክ ኦልማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሴንድሜይል ለሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ብሎ የሠራው ነው። ዛሬ አርኤፍሲ 5424 በሚባለው ሰነድ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ስታንዳርድ ወጥቶለታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ራውተሩ አንድ መስመር በጻፈ ቁጥር ያችኑ መስመር በዩዲፒ፣ በፖርት 514 ወደሰጣችሁት አድራሻ ይወረውራል። መድረሷን አይጠይቅም። ይሄ ድክመት ይመስላል፣ ግን ለሚሞት ራውተር ጥሩ ጠባይ ነው። መልስ ሳይጠብቅ የመጨረሻ ቃሉን ተናግሮ ይሄዳል።

ተቀባዩ ማን ይሁን? ሁልጊዜ የሚበራ ማንኛውም ነገር። ራስበሪ ፓይ ይበቃል። አሮጌ ላፕቶፕም ይሆናል፣ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ብቻ አድርጉ። ሲኖሎጂ ናስ (ኔትወርክ ላይ የሚሰካ የፋይል ማከማቻ) ያለው ሰው «ሎግ ሴንተር» የሚባለውን ፓኬጅ ጭኖ መቀበያውን ማብራት ነው የሚጠበቅበት። ዊንዶውስ ላይ «ቪዥዋል ሲስሎግ ሰርቨር» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ምንም ምረጡ፣ በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙት። የምትመረምሩት ችግር ዋይፋዩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ተቀባዩ ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ ይሁን እንጂ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰርቨር አይሁን። መስመሩ ሲቋረጥ የሚላክ ነገር አይኖርማ።

እኔ የምጠቀመው ሊኑክስንና እሱ ላይ ሲስሎግ የሚቀበለውን አርሲስሎግ የሚባል ፕሮግራም ስለሆነ እሱን ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ ለተቀባዩ የማይለወጥ አድራሻ ስጡት፣ ለምሳሌ 192.168.1.10። ይህን ራውተሩ ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ኦፕንደብሊውአርቲ ላይ የዲኤችሲፒ (ለየመሣሪያው አድራሻ የሚያድለው) ገጽ ውስጥ «ስታቲክ ሊዝ» የሚለው ነው። ይህን ካላደረጋችሁ አንድ ቀን አድራሻው ይቀየርና ራውተሩ ሎጉን ለማቀዝቀዣ ሲልክ ይኖራል።

ኡቡንቱ ላይ አርሲስሎግ አብሮ ይመጣል። ዴቢያን 12 ላይ ግን ራሳችሁ መጫን አለባችሁ። ከዚያ «ኢቲሲ» ውስጥ ያለውን የአርሲስሎግ ኮንፊግ ፋይል በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ክፈቱ። ከላይ አካባቢ «ኢም-ዩዲፒ» የሚል ቃል ያለባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። አንዱ ሞጁሉን ይጭናል፣ ሁለተኛው ፖርት 514 ላይ ጆሮውን ያቆማል። ሁለቱም ፊታቸው ላይ # አለ። እሷን ምልክት አጥፉና ሴቭ አድርጉ።

እዚህ ላይ ብታቆሙም ሎጉ ይመጣል፣ ግን ከኮምፒውተሩ ከራሱ ሎግ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ለራውተሩ የራሱን ፋይል ክፈቱለት። «አርሲስሎግ ነጥብ ዲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ስሙ በ10 የሚጀምር አዲስ የኮንፊግ ፋይል ፍጠሩ። በ10 መጀመሩ ከነባሩ የ50 ፋይል ቀድሞ እንዲነበብ ነው። ውስጡ የሚገባው ሐሳብ ሦስት ነው፦ የላኪው አይፒ የራውተሩ ከሆነ፣ «ቫር» «ሎግ» ሥር «ራውተር» በሚባል ፎልደር ውስጥ ባለው ፋይል ላይ ጻፍ፣ ከዚያ አቁም። «አቁም» የምትለዋን ከረሳችሁ ያው መስመር ሁለት ቦታ ይጻፋል። ተቀባዩ የራሱን ሰዓት እንዲመታበት ከፈለጋችሁ፣ እኔ እመክራለሁ፣ በቴምፕሌቱ (መስመሩ የሚጻፍበት ቅርጽ) ውስጥ «ታይም-ጀነሬትድ» የሚባለውን ተጠቀሙ።

አሁን እኔን ግማሽ ቀን የበላችኝን ነገር ልንገራችሁ። ኡቡንቱ ላይ አርሲስሎግ የሚሠራው እንደ ሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ሳይሆን «ሲስሎግ» በሚባል ተጠቃሚ ስም ነው። አዲሱን ፎልደር በሱዶ ስለፈጠራችሁት ባለቤቱ ሩት ነው። ስለዚህ መጻፍ አይችልም። ጮክ ብሎም አይነግራችሁም፤ ፋይሉ ዝም ብሎ አይፈጠርም። የፎልደሩን ባለቤትነት በ«ሲኤች-ኦውን» ለ«ሲስሎግ» ተጠቃሚ፣ ለ«ኤድም» ግሩፕ ስጡት።

አገልግሎቱን ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት «አርሲስሎግዲ -ኤን1» በሉ። ኮንፊጉ ላይ የጻፋችሁት ስህተት ካለ የመስመር ቁጥሩን ይነግራችኋል። ፋየርዎል ካለ ዩዲፒ 514ን ክፈቱ፣ ግን ከራውተሩ አድራሻ ለሚመጣው ብቻ። በመጨረሻ ሎግሮቴት (አሮጌ ሎጎችን የሚያፈራርቅ ፕሮግራም) ላይ በየቀኑ እንዲገለብጥና 30 ፋይል እንዲያስቀር አድርጉ። የአርሲስሎግን ነባር የሎግሮቴት ፋይል ኮፒ አድርጎ ስሙን መቀየር ከባዶ ከመጻፍ ይቀላል። ቦታ አያሳስባችሁ። ቅድም ባልነው ስሌት በቀን 1 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በወር 30።

ራውተሩ ላይ ያለው ሥራ አጭር ነው። ኦፕንደብሊውአርቲ ላይ ቅድም ሰዓቱን ያስተካከላችሁበት ገጽ ላይ «ሎጊንግ» የሚል ታብ አለ። የውጭ ሎግ ሰርቨር በሚለው ላይ 192.168.1.10፣ ፖርቱ 514፣ ፕሮቶኮሉ ዩዲፒ። እግረ መንገዳችሁን የራሙን ቋት ከ64 ወደ 512 ኪሎባይት ከፍ አድርጉት፣ ራም ከተረፋችሁ። ማይክሮቲክ ላይ «ሲስተም»፣ «ሎጊንግ»፣ «አክሽንስ» ግቡ። «ሪሞት» የሚባለውን ከፍታችሁ አድራሻውን ሙሉ። ከዚያ «ሩልስ» ላይ ለኢንፎ፣ ለኤረር፣ ለዋርኒንግና ለክሪቲካል፣ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ወደ ሪሞት የሚል አዲስ ሕግ ጨምሩ። ብዙ ሰው አክሽኑን ሞልቶ ሕጉን ይረሳና «አይሠራም» ይላል። አሱስ ላይ የሲስተም ሎግ ገጹ ውስጥ «ሪሞት ሎግ ሰርቨር» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ አይፒውን መጻፍ ብቻ ነው። ሲስኮ ላይ «ሎጊንግ ሆስት» ከነአድራሻው በቂ ነው፤ ኮንፊጉን ሴቭ ማድረግ ከረሳችሁ ግን በሪስታርቱ እሱም ይጠፋል።

ደረጃውን «ኢንፎ» ላይ ተዉት። ሲስሎግ ከ0 እስከ 7 ስምንት ደረጃ አለው፤ 0 ቤት ተቃጠለ ነው፣ 7 ዲበግ፣ ማለትም ጥቃቅኑን ሁሉ መዘርዘር፣ ነው። ዲበግ ላይ ካደረጋችሁት ሎጉ ጎርፍ ይሆንና የምትፈልጉትን መስመር ያሰጥምባችኋል።

ደርሷል?

የኦፕንደብሊውአርቲ ራውተር ላይ በኤስኤስኤች ገብታችሁ «ሎገር» ብላችሁ አንድ ቃል አስከትሉ። ያ ቃል ተቀባዩ ፋይል ላይ በሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት። ካልታየ ተቀባዩ ላይ «ቲሲፒ-ደምፕ»ን (የሚመጣውን ፓኬት የሚያሳይ ፕሮግራም) ፖርት 514 ላይ አስነሱና እንደገና ሞክሩ። ፓኬቱ ከታየ ችግሩ የፋየርዎል፣ የአርሲስሎግ ወይም የፎልደር ፈቃድ ነው። ካልታየ ራውተሩ ጋር ሂዱ።

ፓኬቱ መጀመሪያ ላይ <30> የመሰለ ቁጥር ታያላችሁ። ለ8 ስታካፍሉት 3 ይደርሳል፣ 6 ይቀራል። 3 ማለት ከጀርባ ከሚሠራ አገልግሎት የመጣ ነው፣ 6 ደግሞ ኢንፎ ነው። <134> ብታዩ ስሌቱ ያው ነው፤ 16 ጊዜ 8 እና 6። ይህን ማወቅ ግድ አይደለም፣ ግን አንዴ ካወቃችሁት ዓይናችሁ ራሱ ያነበዋል።

የልብ ትርታ

ሎጉ ለሃያ ደቂቃ ዝም ካለ ራውተሩ ሞቶ ነው ወይስ የሚለው አጥቶ? ይህን ለመለየት በየአምስት ደቂቃው አንድ ነገር እንዲናገር አድርጉት። ኦፕንደብሊውአርቲ ላይ «ስኬጁልድ ታስክስ» ውስጥ በ */5 * * * * የሚጀምር መስመር ጻፉ፤ ከእሱ ቀጥሎ ሎገር የ«አፕታይም»ን (ራውተሩ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚቆጥረው) ውጤት እንዲጽፍ። ይህች ትንሽ መስመር ከምንም በላይ ጠቅማኛለች። ራውተሩ የተነሳው ስንት ሰዓት እንደሆነ በአምስት ደቂቃ ልዩነት ትነግራችኋለች፤ ቆጣሪው ወደ ዜሮ የተመለሰበትን ቦታ መፈለግ ብቻ ነው። የፕሮሰሰሩ ጫናም አብሮ ይጻፋል።

ሌላ ኮምፒውተር ከሌላችሁ

ዩኤስቢ ፍላሽ። ራውተሩ ዩኤስቢ ካለው ሎጉ የሚጻፍበትን ፋይል እዚያ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ያው የኦፕንደብሊውአርቲ «ሎጊንግ» ታብ ላይ ሎጉን ፋይል ላይ ጻፍ የሚል ቦታ አለ። ፍላሹን ወደ ኢኤክስቲ4 ፎርማት አድርጉት፤ ፋት መብራት በድንገት ሲጠፋ ቶሎ ይበላሻል። ትልቁ ወጥመድ ግን ሌላ ነው። ፍላሹ ሳይታወቅ ቀርቶ ማውንት ካልሆነ (ከሲስተሙ ጋር ካልተያያዘ)፣ ራውተሩ ያንኑ ፎልደር ስም በራሱ ውስጣዊ ፍላሽ ላይ ይፈጥርና እዚያ ይጽፋል። ያቺ 16 ሜጋባይት ስትሞላ ሴቲንግ እንኳ ሴቭ ማድረግ ያቅታችኋል። ስለዚህ ካዘጋጃችሁት በኋላ አንዴ ሪቡት አድርጉና ፍላሹ ራሱ ማውንት መሆኑን አረጋግጡ። በዚህ የተነሳ እኔ የሲስሎጉን መንገድ እመርጣለሁ። ማይክሮቲክ ላይ ደግሞ «ዲስክ» የሚባል አክሽን አለ፤ ክሪቲካልን ብቻ ወደዚያ ብትልኩ ውስጣዊው ፍላሽ አይጎዳም፣ ሪስታርቱንም ይሻገራል።

ሎጉን እርዳታ ፍለጋ ለሰው ከመላካችሁ በፊት ደግሞ አጽዱት። የእያንዳንዱ ስልክ ስም፣ የማክ አድራሻው፣ ማን ስንት ሰዓት ቤት እንደገባ ሳይቀር እዚያ ውስጥ አለ። ዩዲፒ ሲስሎግ ምንም ምስጠራ ስለሌለው ከቤት ውጪ አትላኩት። ግድ ከሆነ ቪፒኤን ውስጥ፣ ወይም በቲኤልኤስ በፖርት 6514።

የመጨረሻዋን ደቂቃ ማንበብ

ሎጉ አሁን በእጃችሁ ነው። ራውተሩ ሲነሳ ያለው ቦታ ላይ ሂዱና ወደ ላይ አንብቡ። አገልግሎቶቹ ተራ በተራ «ሲግናል 15 ደርሶኝ ወጣሁ» እያሉ ከተዘጉ፣ አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም ሪቡት ብሎ አዞታል። ከዚያ በፊት «አውት ኦፍ ሜሞሪ» እና የተገደለ ፕሮሰስ ስም ካለ ራም አልቆበታል። «ኖ ሪስፖንስ ቱ 5 ኤኮ-ሪኩዌስትስ» የሚል ካያችሁ፣ ራውተሩ ደህና ነው፤ ከወዲያኛው ጫፍ መልስ ጠፍቷል፣ መስመሩን ወይም አቅራቢውን ጠይቁ። ማይክሮቲክ ከሆነ ራሱ ሲነሳ በአግባቡ ሳይዘጋ መጥፋቱን፣ ምናልባትም የመብራት መቋረጥ መሆኑን፣ ይጽፍላችኋል። ሲስኮ ላይ «ሾው ቨርዥን» ስትሉ የመጨረሻው ሪስታርት በምን እንደመጣ ይነግራችኋል።

ሎጉ በወሬ መሃል እንደተያዘ ሰው እጥፍ ብሎ ከተቋረጠስ? ያን ጊዜ ወይ ኃይል ተቋርጧል፣ ወይ ከርነሉ ወድቋል። ከርነሉ ሲወድቅ ኔትወርክ ላይ ለመናገር ጊዜ አያገኝም። አንዳንድ ራውተሮች ለዚህ «ፒስቶር» የሚባል ቦታ አላቸው፤ ሲነሱ «ሲስ» «ኤፍኤስ» «ፒስቶር» ፎልደር ውስጥ የውድቀቱን ሎግ ታገኛላችሁ። ባዶ ከሆነ ኃይሉን ጠርጥሩ።

የእኔው እንዲህ ነበር። አፕታይም በ8:40 ደህና፣ ጫናው ዝቅተኛ። በ8:45 የመጨረሻዋ መስመር፦ ክሮን (በተቀጠረለት ሰዓት ሥራ የሚያስነሳው አገልግሎት)፣ ሩት፣ ባክአፕ የሚል ስክሪፕት አስነሳ። ከዚያ ባዶ። ቀጥሎ ያለው መስመር ራውተሩ ሲነሳ ነው። ስክሪፕቱን የጻፍኩት ከአንድ ዓመት በፊት ነው፣ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ሌሊት ተነስቶ ዩኤስቢ ላይ የሰካሁት ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ይገለብጣል። ሴቲንጉን አጥፍቼ ባክአፑን ስመልስ እሱም አብሮ ይመለስ ነበር። የተኛው ዲስክ ሲነሳ ኃይል ይስባል፣ ያረጀው አዳፕተር አይችለውም፣ ራውተሩ ይወድቃል። ዲስኩ ቀድሞ ነቅቶ ባደረ ሌሊት ደግሞ ምንም አይሆንም። አዳፕተሩ ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር ይላል። ቮልቱና ጫፉ አንድ የሆነ፣ 2 አምፔር የሚሰጥ ሰካሁበት። ዛሬ ጠዋት ያየኋት የአፕታይም መስመር 94 ቀን ትላለች።